ከአውሽቪትዝ የተመለሰችው ልጅ፦ ስለ ሲሞን ቬይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አይሁድ እልቂት ባወራሁ ቁጥር ከወዳጆቼ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እንዴት ተረፉ? ከተረፉ በኋላስ እንዴት ኖሩ? ለምን ቶሎ አልተናገሩም? ስድስት ሚሊዮን ሰው አለቀ የሚለው ነገር ከአእምሮ በላይ ስለሆነ፣ እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው በአንዲት ሴት ሕይወት በኩል ነው። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ታስራበት የነበረው የናዚ ካምፕ ነፃ ከወጣ በኋላ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላስታውቅ። ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ስለ አሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ስጽፍ “እሷ” እላለሁ፤ ስለ ዳኛዋና ስለ ሚኒስትሯ ስጽፍ “እሳቸው”። አማርኛችን ይህን ልዩነት ስለሚያውቅ ልጠቀምበት ወደድሁ።

ሲሞን ቬይ ማን ናቸው?

ፈረንሳዊት ዳኛ፣ የጤና ሚኒስትር፣ በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ የተመረጠው የመጀመሪያው የአውሮፓ ፓርላማ ፕሬዚዳንት። ጁላይ 13 ቀን 1927 በደቡብ ፈረንሳይ በኒስ ከተማ ተወለዱ። ጁን 30 ቀን 2017 በ89 ዓመታቸው አረፉ። የልጅነት ስማቸው ሲሞን ዣኮብ ነው፤ ቬይ የባለቤታቸው ስም ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች “ቬይል” ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ፈረንሳዮች ግን “ል”ን አያሰሙም።

“ሾአ” ምን ማለት ነው? ከሸዋ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም፤ ድምፁ መቀራረቡ ብቻ ነው። ሾአ በዕብራይስጥ ጥፋት፣ መዓት ማለት ሲሆን፣ ብዙ ሰው ሆሎኮስት የሚለውን የናዚዎች የአይሁድ ፍጅት የሚመለከት ስም ነው። እስራኤል ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች ቀኑን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦ በየዓመቱ በፀደይ፣ በመታሰቢያው ቀን ጠዋት፣ ሳይረኑ ለሁለት ደቂቃ ሲጮኽ በአውራ ጎዳና ላይ ያለ መኪና ሁሉ ይቆማል፤ ሰውም ወርዶ ይቆማል።

ቤተሰባቸው አክራሪ ሃይማኖተኛ ነበር?

አልነበረም። አይሁዳዊነታቸውን የማይክዱ፣ ነገር ግን ምኩራብ የማይሄዱ ቤተሰብ ነበሩ። አባት አንድሬ ዣኮብ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ተሰልፈው የተማረኩ፣ አገራቸውን አጥብቀው የሚወዱ ሰው ነበሩ። እናት ኢቮን ኬሚስትሪ መማር ጀምረው ባለቤታቸው ስላልፈለጉ አቋርጠዋል። ይህ ቁጭት ውስጣቸው ስለቀረ ለሴት ልጆቻቸው የራሳችሁ ሙያ ይኑራችሁ እያሉ ይመክሩ ነበር። አራት ልጆች ነበሯቸው፦ ማድሌን (ቤተሰቡ “ሚሉ” የሚላት)፣ ዴኒዝ፣ ዣን፣ የመጨረሻዋ ሲሞን።

ይህን የማነሳው አንዳንድ ሰው “ራሳቸውን ከሕዝቡ ስለለዩ ነው” የሚል ማብራሪያ ስለሚያመጣ ነው። የዣኮብ ቤተሰብ ከጎረቤቱ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ለየው ሕጉ ነው። ኦክቶበር 1940 ላይ ከናዚ ጋር ያበረው የቪሺ መንግሥት ስለ አይሁድ ሕግ አወጣ፤ አባትየው ከሙያቸው ታገዱ። ሕጉን ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ጀርመን ኒስ ገና አልደረሰም ነበር።

ታዲያ እስከ 1944 ድረስ ኒስ ውስጥ እንዴት መቆየት ቻሉ?

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚከብድ ነገር አለ። ከኖቬምበር 1942 ጀምሮ ኒስን ይዞ የነበረው የጣሊያን ጦር ነው፤ ይህ ጦር አይሁድን ለጀርመን አሳልፎ አልሰጥም ይል ነበር። ከአካባቢው ብዙ አይሁድ ሸሽተው ወደ ኒስ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የዚያው የፋሺስት አገዛዝ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ያደረጉትን እያወቅሁ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆይቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ሴፕቴምበር 1943 ላይ ጣሊያን ከጦርነቱ ስትወጣ ጀርመኖች ገቡ። የኤስ ኤስ (የናዚዎቹ ልዩ ጦር) መኮንን አሎይስ ብሩነር ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ኤክሰልሲዮር ሆቴል ተቀምጦ ሰው ማደን ጀመረ። የዣኮብ ልጆች በሐሰተኛ መታወቂያ በየአስተማሪዎቻቸው ቤት ተበታትነው ተሸሸጉ።

እንዴት ተያዘች?

ሲሞን ማርች 1944 መጨረሻ ላይ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ተፈተነች። ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች ቆይታለች፤ ያጠናችው ተደብቃ ነው። ፈተናውን የወሰደችው ግን በእውነተኛ ስሟ ነበር። በማግስቱ፣ ማርች 30፣ ከጓደኞቿ ጋር የፈተናውን ማለቅ ለማክበር ወጣች። መንገድ ላይ ሲቪል የለበሱ ጀርመኖች አስቆሟትና መታወቂያዋን አዩ። ሐሰተኛ መሆኑ ወዲያው ታወቀ።

አብሯት የነበረው አይሁዳዊ ያልሆነ ልጅ ተለቀቀ። ለቤተሰቦቿ እንዲነግርላት ላከችው። ልጁ ሲሮጥ ከኋላው ይከተሉት ነበር። በዚያው ቀን እናቷ፣ ሚሉና ዣን ተያዙ። ለማዳን የላከችው መልእክት መንገድ መሪ ሆነ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከኒስ ወደ ድራንሲ ተወሰዱ፤ ፓሪስ አጠገብ ያለ፣ ከፈረንሳይ የሚጋዙ አይሁድ የሚሰበሰቡበት ካምፕ ነው። ኤፕሪል 13 ቀን 1944 እናትና ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ወደ 1,500 ሰው በጫነው 71ኛው ባቡር ወደ ምሥራቅ፣ ናዚዎች በያዙት ፖላንድ ወደነበረው የሞት ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ። በዚያ ባቡር ውስጥ ኢዚዩ ከምትባል መንደር፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ የተያዙ 34 ልጆችም ነበሩ።

አውሽቪትዝ ስትደርስ ወዲያው ያልተገደለችው ለምንድን ነው?

አንድ ሰው በጆሮዋ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው በይ ስላላት ነው። ባቡሩ የደረሰው በሌሊት ነው። በር ተከፈተ፤ ጩኸት፣ ውሻ፣ መብራት። ከቀድሞዎቹ እስረኞች አንዱ ዕድሜዋን ጠየቃትና ከፍ አድርጋ እንድትናገር መከራት። ልጆች፣ አረጋውያን፣ ደካሞች ወደ አንድ ወገን ይወሰዱ ነበር፤ እነሱ በዚያው ሌሊት በጋዝ ተገደሉ። ለሥራ የሚሆኑት ወደ ሌላው ወገን ሄዱ። በማግስቱ ክንዷ ላይ 78651 የሚል ቁጥር ተነቀሰ።

ሰው ብዙ ጊዜ “እንዴት ተረፉ?” ሲል ብልሃት ወይም ጥንካሬ እንድነግረው ይጠብቃል። አንዲት አረፍተ ነገር ናት። ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው አጠገብ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሲሞን ቬይ የሚባል ስም አናውቅም ነበር።

በካምፑ ውስጥ ሰው ለሰው ይተዛዘን ነበር?

ይተዛዘን ነበር፤ ይጨካከንም ነበር። ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ አንድ ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ፤ የቀሚስ ታሪክ ነው።

በዚያው 71ኛ ባቡር ዢኔት የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በኋላ ዢኔት ኮሊንካ ተብለው በፈረንሳይ ሁሉ የታወቁት ናቸው። ከባቡሩ ሲወርዱ የደከመው በጭነት መኪና ይሂድ ተባለ። ዢኔት ለአባቷና ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ አዝና በመኪናው ሂዱ አለቻቸው። መኪናው የሚሄደው ወደ ጋዝ ክፍል ነበር። ሳትስማቸው ተለያዩ፤ ይህ እስከ እርጅናቸው ድረስ የሚያንገበግባቸው ነገር መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል።

ልብሳቸው ተወስዶ ለእስረኞቹ የተሰጣቸው ብጭቅጫቂ ጨርቅ ነው። ሲሞን ግን ከአንዲት እስረኛ ሁለት ቀሚስ አገኘች። አንዱን ለዢኔት ሰጠቻት። ቀሚሱ ሰውነቷ ላይ የሚያርፍ፣ የሰው ልብስ የሚመስል ቀሚስ ነበር። ዢኔት ኮሊንካ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ያን ቀሚስ ሲያነሱ፣ ልብሱ እንደገና ሰው እንዳደረጋቸው ይናገራሉ። ሲሞን ቬይ ግን መስጠታቸውን እንኳ አላስታወሱትም ነበር። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰጪዋ ረስታዋለች፣ ተቀባይዋ ዕድሜ ልኳን ለብሳዋለች።

ምን ዓይነት ሥራ ትሠራ ነበር?

ድንጋይ ማውረድና ማጓጓዝ፣ ጉድጓድ መቆፈር። የባቡሩን ሐዲድ ወደ ጋዝ ክፍሎቹ ለማቅረብ የሚደረገው ሥራም ላይ ነበረች። በዚያ ሐዲድ ከሜይ እስከ ጁላይ 1944 ድረስ ከሃንጋሪ ከአራት መቶ ሺህ የሚበልጡ አይሁድ መጡበት። አብዛኞቹ በደረሱበት ቀን ተገደሉ።

በጁላይ አንዲት ፖላንዳዊት የካምፕ ኃላፊ ልጅቷን አይታ፣ እዚህ ለመሞት እጅግ ቆንጆ ነሽ ብላ ወደ ተሻለ ቦታ ልልክሽ አለቻት። ሲሞን ያለ እናቴና ያለ እህቴ አልሄድም አለች። እምቢታ በሞት በሚያስቀጣበት ቦታ የተሰነዘረ እምቢታ ነው። ኃላፊዋ ተስማማች። ሦስቱም ቦብሬክ ወደሚባል አነስተኛ ካምፕ፣ ወደ ሲመንስ ፋብሪካ ተዛወሩ።

እናቷ ምን ሆኑ?

ጃንዋሪ 18 ቀን 1945 የሶቪየት ጦር ሲቃረብ ጀርመኖች እስረኞቹን በበረዶ ላይ እየነዱ አወጧቸው። የወደቀ በጥይት ይገደላል። ወደ ሰባ ኪሎ ሜትር በእግር፣ ከዚያ ጣሪያ በሌለው የባቡር ፉርጎ፣ በዚያ ብርድ። ባቡሩ በቼክ አገር ሲያልፍ ነዋሪዎች ከላይ ዳቦ ይወረውሩላቸው እንደነበር ሲሞን ቬይ አልረሱም።

የደረሱት ጀርመን ውስጥ በርገን ቤልሰን የሚባል ካምፕ ነው። ጋዝ ክፍል የለውም፤ አያስፈልገውም ነበር። ረሃቡና ታይፈሱ ይበቃል። አና ፍራንክና እህቷ የሞቱት እዚያው፣ በዚያው ክረምት ነው። ሲሞን የኤስ ኤስ ወታደሮች ወጥ ቤት ተመደበችና ለእናቷና ለእህቷ የቻለችውን እየሰረቀች ታመጣ ነበር። ኢቮን ዣኮብ በማርች በታይፈስ ሞቱ። እንግሊዞች ካምፑን ኤፕሪል 15 ነፃ አወጡ። በመካከሉ ያለው አንድ ወር ብቻ ነው።

ሲሞን ቬይ እናታቸውን በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሆኑ ሰው ብለው ይጠሩ ነበር፤ ስለ እሳቸው ሲያወሩ በሰማንያ ዓመታቸውም ድምፃቸው ይለወጣል።

አባቷና ወንድሟስ?

ሜይ 15 ቀን 1944 ከድራንሲ የተነሳው 73ኛው ባቡር 878 ወንዶችን ብቻ ጭኖ ወደ ሊትዌኒያና ኤስቶኒያ ሄደ። ከፈረንሳይ ወደዚያ አቅጣጫ የተላከ ሌላ ባቡር የለም። አንድሬና ዣን በዚህ ውስጥ ነበሩ። ከሁሉም የተመለሱት ሃያ ያህል ናቸው። አባትና ልጅ አልተመለሱም፤ የት እንደሞቱ፣ በየትኛው ቀን እንደሞቱ ቤተሰቡ አላወቀም። ዣን ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

እኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞት መርዶ ነጋሪ በጎሕ ይመጣል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሬሳ ባይኖርም እርም ይወጣል። እዚህ መርዶ ነጋሪ አልመጣም። ሴት ልጆቹ ለብዙ ጊዜ የጠበቁት መርዶውን ሳይሆን በሩ እስኪንኳኳ ነው።

ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ ሰው እንዴት ተቀበላቸው?

ሲሞንና በታይፈስ ልትሞት የደረሰችው ሚሉ ሜይ 1945 ፓሪስ ገቡ። አክስትና አጎት ተቀበሏቸው፤ እነሱም ልጃቸውን በጦርነቱ አጥተዋል። ዴኒዝ ቀድማ ተመልሳ ነበር። የእሷ ታሪክ የተለየ ነው፦ አርበኛ ሆና ከናዚ ጋር ስትታገል ተይዛ፣ ተገርፋ፣ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ካምፕ ተልካ ነበር።

አሁን ሦስቱን እህትማማቾች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አስቧቸው። ዴኒዝ በየስብሰባው ትጠራለች፤ ንግግር ታደርጋለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ይገባታል። ፈረንሳይ በዚያን ጊዜ ስለ አርበኞቿ መስማት ትፈልግ ነበር፤ ከጠላት ጋር ያበረችበትን አራት ዓመት የሚያስረሳት ጀግና ያስፈልጋት ነበር። ሚሉንና ሲሞንን ግን የሚጠራ የለም። እነሱ አልተዋጉም፤ የተያዙት ስለተወለዱ ነው። በዚያ ውስጥ የሚዘመር ጀግንነት አልተገኘም።

ሲናገሩም ሰው ወሬ ይለውጣል። ከተመለሱማ ያን ያህል ከባድ አልነበረም ማለት ነው የሚል ነበር። ለምን ተረፋችሁ የሚል የሚመስል ጥያቄ የሚጠይቅ ነበር። አንዳንዱ ልባቸው እንዳይቆስል አዝኖ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ይህም ቢሆን ዝም ማሰኘት ነው።

ስለዚህ “ሆድ ይፍጀው” ብለው ነው ዝም ያሉት?

ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲያ ነው፦ ተራፊዎቹ መናገር አልቻሉም፣ ቃል አጡ፣ ሆድ ይፍጀው አሉ። እንዲህ የሆኑ አሉ። ዢኔት ኮሊንካ ለልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ሰባ ዓመት እስኪያልፋቸው ቆይተዋል። ሲሞን ቬይ ግን ይህን አባባል አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። እኛ መናገር እንፈልግ ነበር፣ የሚሰማ ነው የጠፋው ይሉ ነበር። ሚሉና እሳቸው ሲገናኙ ስለ ካምፑ ያወሩ ነበር፤ ከሌሎች የካምፕ ጓደኞቻቸው ጋርም እንዲሁ፤ እንዲያውም ይስቁ ነበር። ዝምታው የሚጀምረው ሌላ ሰው ሲገባ ነው።

ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው አገሩ ነው። “ተራፊዎቹ ዝም አሉ” ስንል ጥፋቱን በተጎጂዎቹ ላይ እናዞራለን፤ ይህ አባባል በእኛም ቋንቋ ተለምዶ ስላየሁት ነው ይህን ገጽ መጻፍ የጀመርሁት።

ሚሉ ደግሞ ብዙ አልቆየችም። 1952 ላይ በመኪና አደጋ ከሕፃን ልጇ ጋር ሞተች። አውሽቪትዝን፣ የበረዶውን ጉዞ፣ ታይፈሱን ያለፈች ሴት። ሲሞን ከማን ጋር ያወሩ?

የካምፑን ቁጥር ለምን አላስጠፉትም?

አላስጠፉትም፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሸፍነውታል። በ1950ዎቹ በባለቤታቸው በአንትዋን ሥራ ምክንያት ጀርመን ይኖሩ በነበረ ጊዜ፣ አንድ የፈረንሳይ ቆንስላ ግብዣ ላይ ተገኙ። ክንዳቸው ባዶ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ከፍተኛ ባለሥልጣን ቁጥሩን አየና ፈገግ ብሎ የካፖርት ማስቀመጫ ቁጥርዎ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጅጌው ረጅም ልብስ ያዘወትሩ ነበር።

2010 ላይ የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነው በይፋ ሲቀበሏቸው፣ እያንዳንዱ አባል እንደሚያደርገው ሰይፍ ተሠራላቸው። በሰይፉ ላይ የፈረንሳይና የአውሮፓ ኅብረት መሪ ቃሎች ተቀርጸዋል። ከእነሱም ጋር 78651።

ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዴት ትምህርት ቀጠሉ?

ሲመለሱ ያን የማርች ፈተና ማለፋቸውን ሰሙ። ሕግና ፖለቲካ ሳይንስ ተመዘገቡ፤ 1946 ላይ አገቡ፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው ጠበቃ መሆናቸውን አልወደዱትም፤ የእናታቸው ቃል ግን አልለቀቃቸውም፤ ተከራክረው ዳኝነት ላይ ተስማሙ። ከ1957 ጀምሮ በእስር ቤቶች አስተዳደር ሠሩ። በአልጄሪያ ጦርነት ጊዜ እስር ቤቶችን ሄደው ጎበኙና በደል የሚደርስባቸው አልጄሪያውያን ሴት እስረኞች ወደ ፈረንሳይ እስር ቤቶች እንዲዛወሩ አደረጉ። እስረኛ የነበረ ሰው እስር ቤት ሲፈትሽ የሚያየው ሌላው የማያየውን ነው።

1974 ላይ የደረሰባቸው ስድብ ምን ነበር?

የጤና ሚኒስትር ሆነው የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ለፓርላማ አቀረቡ። በጉዳዩ ላይ አንባቢዎቼ የተለያየ እምነት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ክርክሩን እዚህ አልከፍትም። ሕጉ 284 ለ189 በሆነ ድምፅ አለፈ። በክርክሩ ወቅት ግን አንድ የምክር ቤት አባል ፅንሶች በሬሳ ማቃጠያ ምድጃ ይጣላሉ የሚል ንግግር እናቷ በናዚ ካምፕ ለሞተችባት ሴት ፊት ለፊት ተናገረ። በኋላ ታሪካቸውን አላውቅም ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። በመኖሪያ ሕንፃቸው ላይ የናዚ መስቀል ተሳለ። ከተመለሱ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ የአገሪቱ ሚኒስትር ናቸው፤ ያም ሰው “አላውቅም ነበር” አለ። ከላይ ስለ ጆሮ ያልሁትን የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለኝም።

ጀርመኖችን ይቅር አሉ?

“ይቅርታ” የሚለውን ቃል በእሳቸው አፍ ላይ አላስቀምጥም። ይቅርታ የሚሰጡት የሞቱት ናቸው የሚል ተራፊ ብዙ ነው። ያደረጉትን ግን እናያለን። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመን ሄደው ኖሩ። ብዙ ወዳጆቻቸው በዚህ ተደናግጠዋል። እሳቸው ግን ፈረንሳይና ጀርመን ካልታረቁ ሦስተኛ ጦርነት ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይሆናል የሚል እምነት ነበራቸው። ጁላይ 1979 ላይ በስትራስቡርግ የአውሮፓ ፓርላማ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ጀርመናውያን እንደራሴዎች በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ነበር።

ፈረንሳይ ድርሻዋን አምናለች?

ዘግይታ። ከፈረንሳይ 76,000 ያህል አይሁድ ተግዘዋል፤ ከካምፖቹ የተመለሱት ከአራት ሺህ ያነሱ ናቸው። ሰዎቹን በአብዛኛው የያዙት የፈረንሳይ ፖሊሶች መሆናቸውን የአገሪቱ መንግሥት በግልጽ ያመነው ጁላይ 16 ቀን 1995 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ባደረጉት ንግግር ነው። ከካምፑ ነፃነት ሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። 2000 ላይ የሾአ መታሰቢያ ፋውንዴሽን ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሲሞን ቬይ ሆኑ።

እሳቸው ግን የሌላውንም ወገን ታሪክ እንድንዘነጋ አልፈቀዱም። ፈረንሳይ ውስጥ ከነበሩት አይሁድ ሦስት አራተኛው ተርፏል። ገበሬዎች፣ መነኮሳት፣ አስተማሪዎች በራሳቸው ሕይወት ፈርደው ሸሽገዋቸዋል። ሲሞንንም ቤቱ ውስጥ ያስቀመጣት የአስተማሪ ቤተሰብ ነው። ጃንዋሪ 2007 ላይ እነዚህ ሸሻጊዎች በፓንቴዮን፣ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት ሕንፃ፣ በክብር ሲታሰቡ ሲሞን ቬይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ቆመው ነበር።

ፓሪስ ለምንኖር፣ የት ሄደን ማየት እንችላለን?

በአራተኛው ወረዳ፣ በማሬ ሰፈር የሾአ መታሰቢያ አለ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ቅዳሜ ይዘጋል። ከበሩ እንደገባችሁ የስሞች ግድግዳ ታገኛላችሁ። ከፈረንሳይ የተጋዙት አይሁድ ስም ሁሉ፣ የተመለሱትም ያልተመለሱትም፣ በተላኩበት ዓመት ተከፋፍሎ በፊደል ተራ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ አትቸኩሉ፤ አንድ ስም ፈልጉና በጣታችሁ አሳዩአቸው።

ሲሞን ቬይ ጁላይ 1 ቀን 2018 ከባለቤታቸው ጋር በፓንቴዮን በክብር አርፈዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት አስከሬናቸው ሕዝብ እንዲሰናበተው ያረፈው እዚሁ መታሰቢያ ውስጥ ነበር። በግድግዳው የ1944 ክፍል፣ ዣኮብ በሚለው ስም ሥር፣ አንድሬ አሉ፣ ዣን አለ፣ ማድሌን አለች፣ ኢቮን አሉ። ሲሞንም አለች።